ስኳርና ጨው አብረው የሚገቡባት በር

(በሬድዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር)



በዛሬው ዝግጅታችን የምናወጋችሁ ስለ አንዲት በር ታሪክ ነው። በሯ በዓይን አትታይም። ያለችው በእያንዳንዳችን አንጀት ውስጥ ነው። የሰው ልጅ አሠራሯን ሳያውቅ እልፍ ዘመናት ኖሯል። ካወቃት በኋላም ቢሆን እውቀቱ ከሊቃውንት ጉባኤ ተነሥቶ እናቶች ጓዳ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ሰው አልቋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንናገራለን።

ከታሪኩ በፊት ሁላችንም በምናውቀው ቤት እንጀምር። ሌሊት ነው። ሕፃኑ ከመግሪብ ጀምሮ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው አምሽቷል። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም። እናት ውኃ ልትሰጠው ስትነሣ አያት «ተይው ልጄ፣ ውኃ ሲጠጣ ይብስበታል፤ ሆዱ ይረፍ» ይላሉ። ጎረቤት ደግሞ «ይኼ ግግ ነው፤ ግግ የሚያወጣ ሰው ይፈለግ» ይላሉ። አባት በበኩሉ «ሲነጋ ሐኪም ቤት ወስደን ግሉኮስ ይሰቀልለታል» ይላል። ሦስቱም ለሕፃኑ የሚሳሱ ናቸው። ነገር ግን ሌሊቱ ረጅም ነው፤ የሕፃኑም ሰውነት እስኪነጋ የሚጠብቅበት አቅም የለው ይሆናል። በእንዲህ ዓይነት ሌሊት ስንት ሕፃናት ከእናታቸው ጉያ እንደሄዱ የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው።

ያ ሕፃን የሚያስፈልገው ነገር ብዙውን ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። እንዴት? ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ ሰውነታችን ከሚበላውና ከሚጠጣው ነገር የሚያስፈልገውን እንዴት እንደሚወስድ ማየት አለብን።

ከተዋጠ በኋላ ገና ደጅ ነው

ብዙዎቻችን ምግብ ከተዋጠ ወደ ሰውነት የገባ ይመስለናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አንጀት ረጅም ቧንቧ ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ገና ደጅ እንደቆመ እንግዳ ነው። ወደ ቤት ገባ የሚባለው የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ሲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ ደም ተሸክሞ ለአንጎሉም፣ ለልቡም፣ ለጡንቻውም ሕዋሳት (ሴሎች) ያዳርሰዋል።

እንጀራውም ሆነ ሥጋው ወይም ተምሩ እንዳለ አያልፍም። በምራቅ፣ በጨጓራና በቆሽት ፈሳሾች እየተፈጨ ሞለኪውል ወደሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች ይበተናል። የእንጀራው ስታርች ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር፣ የሥጋው ፕሮቲን ደግሞ ወደ አሚኖ አሲድ ይለወጣል።

እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች አሁን ግድግዳው ፊት ቆመዋል። ግድግዳው በሕዋሳት የተነጠፈ ነው። እያንዳንዱም ሕዋስ በስስ የቅባት ሽፋን ተጠቅልሏል። ዘይትና ውኃ እንደማይዋሐዱ በየጓዳችን የምናየው ነው። ስለዚህ በውኃ የሚሟሙት ስኳርና ጨው የቅባቱን ሽፋን እንዲሁ ሰንጥቀው ማለፍ አይችሉም። የሚያልፉት ፈጣሪ በሽፋኑ ላይ ባደረጋቸው ልዩ ልዩ በሮች ነው። በሮቹም ከፕሮቲን የተሠሩ ናቸው።

ከእነዚህ በሮች አንዷ የዛሬው ታሪካችን ባለቤት ናት። ይህች በር «ሁለት ሆናችሁ ካልመጣችሁ አላሳልፍም» የሚል ዘበኛ የቆመባት ትመስላለች። ግሉኮስ ብቻውን ቢመጣ አያልፍባትም። ከጨው ከሚገኘው ሶዲየም ጋር ሲመጣ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ታስገባለች። ቆጥረው የደረሱበት ሊቃውንት እንደሚሉት አንዱ ግሉኮስ ከሁለት ሶዲየም ጋር ሆኖ ይገባል።

ሶዲየሙን ወደ ውስጥ የሚስበው ምንድን ነው? በሕዋሱ በወዲያኛው ወገን፣ ወደ ደም በሚያዋስነው በኩል፣ የገባውን ሶዲየም ያለ ዕረፍት እየቀዳ የሚያወጣ ፓምፕ አለ። ስለዚህ ፓምፕ በ1957 የጻፉት ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ከአርባ ዓመት በኋላ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ፓምፑ ስለሚቀዳ በሕዋሱ ውስጥ ሶዲየም ሁልጊዜ አነስተኛ ነው። ስለሚያንስም በአንጀት ውስጥ ያለው ሶዲየም ለመግባት ይገፋል፤ ሲገባም ግሉኮሱን እጁን ይዞ ይገባል። ውኃ ደግሞ ጨውና ስኳር የሄዱበትን ይከተላል።

በጤናማ ሰው አንጀት ውስጥ በቀን ወደ 9 ሊትር ፈሳሽ ይገባል። ከዚህ ውስጥ የምንጠጣውና ከምግብ ጋር የምንወስደው 2 ሊትር ገደማ ነው። የቀረው 7 ሊትር ሰውነታችን ራሱ ለመፍጨት ብሎ ያፈሰሰው ነው። ከዚህ ሁሉ በዓይነ ምድር የሚወጣው ከ200 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ሌላው በሙሉ ተመልሶ ይገባል። ሱብሐነላህ! ይህን ያህል ፈሳሽ በየቀኑ ወጥቶ በየቀኑ ሲመለስ እኛ ግን አንዳች አይሰማንም። የሚሰማን መመለሱ የቀረ ዕለት ነው።

ሐጃጆችን የጨረሰው በሽታ

መመለሱ እንዲቀር ከሚያደርጉት በሽታዎች ሁሉ ኃይለኛው ኮሌራ ነው። በ1817 ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር ከጄሶር አካባቢ ተነሥቶ በመርከብና በቅፍለት መንገድ ዓለምን አዳረሰ። ሙስሊሙን ዓለምም በእጅጉ ጎዳ። በ1865 በሐጅ ወቅት መካ ላይ ሲነሣ፣ ከነበሩት 90,000 ያህል ሐጃጆች 15,000 ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። ከተረፉት መካከል በስዊዝ በኩል ወደየአገራቸው የተመለሱት በሽታውን ሳያውቁ ይዘውት ሄዱ። በዚህም የተነሣ በማግሥቱ ዓመት በ1866 መንግሥታት ኢስታንቡል ላይ ተሰብስበው ስለ ኮሌራ መከሩ።

ኮሌራ የያዘው ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊወጣው ይችላል። ጠዋት በእግሩ የቆመ ሰው ማታ ይገነዛል። የሚገድለውም የፈሳሹ ማለቅ ነው። ደሙ ይወፍራል፤ ልቡ የሚገፋው ያጣል፤ ለሕዋሳቱ ምግብና አየር የሚያደርስላቸው አይኖርም።

ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ አየርላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ኦሾኔሲ ናቸው። በ1831 መጨረሻ የኮሌራ ሕሙማንን ደም መርምረው ውኃና ጨው እንደጎደለው አገኙ። ይህን ያነበቡት ስኮትላንዳዊው ዶክተር ቶማስ ላታ በ1832 የጎደለውን ለመመለስ ቆርጠው ተነሡ። የመጀመሪያ ታካሚያቸው ነፍሳቸው ልትወጣ የደረሰች አንዲት አሮጊት ነበሩ። ዶክተሩ ጨው ያለበትን ውኃ በደም ሥራቸው ቀስ እያሉ ሰጧቸው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 3 ሊትር ያህል ገባ። የጎደጎደው ዓይን ተመለሰ፤ የቀዘቀዘው እጅ ሞቀ፤ አሮጊቷም ተናገሩ። ዶክተሩ ደስ ብሏቸው ታካሚያቸውን ለሌላ ሐኪም አደራ ብለው ሄዱ። ተቅማጡ ግን አላቆመም ነበር። የወጣውን ደግሞ የሚተካላቸው አልተገኘምና አሮጊቷ ስድስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላቸው ሞቱ። ዶክተር ላታም በ1833 ሞቱ፤ መንገዳቸውም ተተወ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህችን ታሪክ ያዙልን። በአንድ ጊዜ ብዙ መስጠት ብቻውን አያድንም። የሚያድነው የወጣውን ያህል እየተከታተሉ መተካት ነው።

በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ተሻሽሎ ተመለሰ። በ1947 ግብፅን የመታው ኮሌራ 20,000 ያህል ሰው ሲገድል፣ ካይሮ የነበሩት አሜሪካዊው የባሕር ኃይል ሐኪም ሮበርት ፊሊፕስ በዚህ መንገድ ብዙዎችን አዳኑ። ነገር ግን መርፌና ጎማ፣ የተጣራ ፈሳሽ፣ የሠለጠነም እጅ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በየገጠሩ ከየት ያገኙታል? ለምን ታዲያ በአፍ አይሰጥም? የዘመኑ ሐኪሞች ብዙዎቹ «አንጀቱ ተበላሽቷል፤ ምን ይቀበላል?» ይሉ ነበር። የእኛ አያቶች «ሆዱ ይረፍ» ከሚሉት የተለየ አልነበረም።

በሯ አልተዘጋችም ነበር

በ1953 ካልካታ የሚኖሩ ሄመንድራ ናት ቻተርጂ የሚባሉ ሐኪም 186 ቀለል ያለ ኮሌራ የያዛቸውን ሕሙማን ጨውና ግሉኮስ ባለበት ውኃ በአፍ ማከማቸውን ጻፉ። ለምን እንደሠራ የሚያስረዳ ስላልነበረ ጽሑፉ ብዙ አድማጭ አላገኘም። በ1959 በዚያው ከተማ ሻምቡ ናት ዴ የተባሉ ሊቅ የኮሌራ ባክቴሪያ የሚረጨውን መርዝ አሳዩ። ከዚህ በኋላ ቀስ በቀስ ግልጽ የሆነው ነገር የሚያስገርም ነበር። መርዙ የአንጀትን ግድግዳ አያፈርስም። ሕዋሳቱ ጨውና ውኃ ወደ አንጀት እንዲያፈስሱ ያስገድዳቸዋል እንጂ ግድግዳው እንደቆመ ነው።

በነሐሴ 1960 ደግሞ አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ክሬን በፕራግ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ፣ ግሉኮስና ሶዲየም አብረው እንደሚገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥዕል አስረዱ። በሯ ተገኘች ማለት ነው። ሁለቱን እውቀቶች ያገናኘ ሰው መልሱን በእጁ ያገኛል። መርዙ ፈሳሽ የሚወጣበትን ከፈተ፤ ስኳርና ጨው አብረው የሚገቡባትን በር ግን አልዘጋም። በኮሌራ የተያዘ ሰው ጨው ብቻውን ቢጠጣ አይጠቅመውም፤ ውኃ ብቻውንም ቢጠጣ አይበቃውም። ስኳር ሲጨመርበት በሯ ትከፈታለች፤ ጨው ይገባል፤ ውኃ ይከተላል።

ነገር ግን በመጽሔት ላይ የተጻፈ እውቀትና አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ ወዲያው አልተገናኙም። በ1962 ፊሊፕስ በፊሊፒንስ ጨውና ግሉኮስ ያለበትን መጠጥ ሞከሩ። ግሉኮስ እንደሚረዳ አዩ፤ መጠኑ ግን በትክክል አልተመዘነም ነበርና ከሕሙማኑ የሞቱ አሉ። ፊሊፕስም ከዚያ በኋላ በእጅጉ ተጠነቀቁ። መድኃኒት መጠኑን ሲያልፍ ምን እንደሚሆን የሚያስተምር ነውና ወደዚህ ነገር እንመለስበታለን።

ዳካ፣ 1968

ታሪኩ ከዚህ በኋላ በ1960 የኮሌራ ምርምር ላቦራቶሪ ወደተከፈተባት ወደ ዳካ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ከተማዋ የምሥራቅ ፓኪስታን ዋና ከተማ ነበረች። ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የሚባሉ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ከአገሬው ባልደረቦቻቸው ከራፊቁል ኢስላምና ከአብዱል መጂድ ሞላ ጋር አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አደረጉ። እያንዳንዱ በሽተኛ የወጣውን ለኩ፤ የወጣውን ያህል ግሉኮስና ጨው ያለበት መጠጥ በአፉ እንዲጠጣ አደረጉ። ስድስት ሰዓት ሳይቆዩ፣ ሌሊትም ሳይተኙ እየተከታተሉ ማለት ነው። ዶክተር ላታ ከ136 ዓመት በፊት የጎደላቸው ይኸው መከታተል ነበር።

ውጤቱ በነሐሴ 1968 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። በ29 ሕሙማን ላይ በተደረገው ጥናት በደም ሥር መሰጠት የነበረበት ፈሳሽ በ80 በመቶ ያህል ቀነሰ። የቀረውን አንጀት ራሱ ተቀብሎታል። በዚያው ጊዜ ኖርበርት ሂርሽሆርንና ባልደረቦቻቸው በዳካ፣ ሌሎችም ሊቃውንት በካልካታ ወደዚሁ መደምደሚያ ደርሰው ነበር።

ግን ይህ ሁሉ የሆነው ሐኪም በማይለይበት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ተራ ሰው ይችለዋልን? የሚለውን የመለሰው ጦርነት ነው።

የስደተኞቹ ካምፕ

በ1971 የባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ተነሣ። ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወደ ሕንድ ተሰደደ። በድንበሯ ከተማ በቦንጋኦን ኮሌራ ገባ። ሆስፒታሉ በሽተኛውን ሊችለው አልቻለም፤ ሰዉ መሬት ላይ ተኛ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽም ሊያልቅ ደረሰ።

ወደዚያ የተላኩት ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባሉ የካልካታ ሐኪም ነበሩ። ሁለት ምርጫ ነበራቸው። በቀረችው ፈሳሽ ጥቂቶችን ማዳንና ሌላውን ማየት፣ ወይም ገና በሰፊው ያልተሞከረውን የአፍ መጠጥ ለሁሉም መስጠት። ሁለተኛውን መረጡ። ካልካታ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ክፍል የመድኃኒት ማሸጊያ ሆነ። ለ1 ሊትር ውኃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ እየተመዘነ በፕላስቲክ ከረጢት ተደረገ፤ የከረጢቱ አፍም በካውያ ተተኩሶ ተዘጋ። ካምፑ ውስጥ ዱቄቱ በበርሜል ውኃ ተበጠበጠ። እናቶች፣ ወንድሞችና ጎረቤቶች በኩባያ እየቀዱ በሽተኛቸውን ራሳቸው አጠጡ።

ቀደም ሲል በካምፖቹ ከተያዘው ሰው እስከ 30 በመቶ የሚደርሰው ይሞት ነበር። በዶክተር ማሃላናቢስ ማከሚያ በስምንት ሳምንት ከታከሙት ከ3,700 የሚበልጡ ሕሙማን የሞቱት ከ4 በመቶ በታች ሆኑ። ለእኛ ለሬድዮ ሰዎች ደግሞ ልብ የሚነካ አንድ ነገር አለ። መጠጡ እንዴት እንደሚዘጋጅ ከድንበሩ ማዶ ላሉት ሰዎች በድብቅ በሚሠራ የባንግላዴሽ ሬድዮ ጣቢያ ይነገር ነበር። ዶክተር ማሃላናቢስ በ2022 እስኪሞቱ ድረስ ከፈጠራው የግል ሀብት አላካበቱም፤ የጨውና የስኳሩ ቅምር ለሁሉም ክፍት ሆኖ ቀረ።

ከላቦራቶሪ ወደ ጓዳ

ከጦርነቱ በኋላ ባንግላዴሽ ነጻ አገር ሆነች፤ ሕፃናቷ ግን በተቅማጥ መሞታቸውን አላቆሙም። በ1972 በፋዝሌ ሐሰን አቤድ የተመሠረተው ብራክ የተባለው ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ድረስ ከማንም ያልተሞከረ ሥራ ጀመረ። ሴቶች ሠራተኞች በየመንደሩ እየዞሩ፣ ቤት እያንኳኩ፣ እናትን ከፊታቸው አስቀምጠው ማስተማር ያዙ። መድኃኒቱ ከመደብር አይገዛም። በሦስት ጣት ጫፍ ቆንጠር የተደረገ ጨው፣ አንድ እፍኝ ጉር የሚባለው ያልተጣራ የሸንኮራ አገዳ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ውኃ። በቃ! አብዛኛዋ እናት ማንበብ አትችልም ነበርና ትምህርቱ በእጅ እየበጠበጡ፣ በቃል እያስደገሙ ነበር።

የሠራተኛዋ ደመወዝ አከፋፈልም የሚገርም ነበር። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ተቆጣጣሪ ድንገት ይመጣና እናቲቱን ይጠይቃል፤ በጥብጣ እንድታሳየውም ያደርጋል። እናቲቱ ያስታወሰችውን ያህል ለአስተማሪዋ ይከፈላል። ስለዚህ የሚከፈለው ለተናገሩት ሳይሆን ሰሚው ልብ ውስጥ ለቀረው ነው። ንግግር ለምናቀርብ ለእኛም ብዙ የሚያስተምረን ነገር ነው።

ቢሆንም መጀመሪያ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ገጠማቸው። እናቶች በደንብ ያውቁታል፤ ልጅ ሲታመም ግን አይጠቀሙበትም። ለምን? ሲመረመር ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛ፣ ከአስተማሪዎቹ መካከል ራሳቸው በመድኃኒቱ ያላመኑበት ነበሩ፤ ጨውና ስኳር መድኃኒት ሆኖ አልታያቸውም። ስለዚህ ወደ ዳካ ተወስደው እንዴት እንደሚሠራ በዓይናቸው እንዲያዩ ተደረገ። ሁለተኛ፣ አባቶችን ማንም አልነገራቸውም ነበር። አባወራው «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ካለ እናት ብቻዋን አትደፍርም። ስለዚህ ወንዶች ሠራተኞች ወደ ገበያና ወደ መስጊድ እየሄዱ ወንዶቹን ማነጋገር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሥር ሰደደ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ተዳረሱ።

በዓለም ደረጃም የዓለም ጤና ድርጅት በ1978 የተቅማጥ መከላከያ ፕሮግራም አቋቁሞ ይህንኑ መጠጥ አስፋፋ። በ1980 አካባቢ በተቅማጥ የሚሞቱት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በዓመት ወደ 4.6 ሚሊዮን ይገመቱ ነበር። አሁን ግምቱ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ወርዷል። በእርግጥ ንጹሕ ውኃውም፣ ክትባቱም፣ የእናት ጡቱም ድርሻ አላቸው። ሆኖም ከትልቁ ድርሻ አንዱ የዚያች በር ነው።

እኛስ የት ነን?

ውድ አንባብያን፣ አሁን ወደ መጀመሪያው ቤት እንመለስ። አባት «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ያለው ቤት። በአገራችን በደም ሥር የሚሰጠውን ሁሉ «ግሉኮስ» ብለን ስለምንጠራው፣ በጠርሙስ የተንጠለጠለው ብቻ እውነተኛ ሕክምና ይመስለናል። በአፍ የሚጠጣውን «ሕይወት አድን» ወይም ኦ አር ኤስ የምንለውን ዱቄት ግን «ዱቄት ሰጥተው መለሱን» እያልን እንንቀዋለን። አሁን ግን ታሪኩን ሰምታችኋል። በዚያች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ያለውም ግሉኮስና ጨው ነው። ልዩነቱ አንዱ በመርፌ መግባቱ፣ ሌላው አላህ (ሱ.ወ.) በአንጀታችን ባስቀመጠው በር መግባቱ ነው። መርፌው የሚያስፈልገው በሽተኛ አለ፤ ራሱን የሳተ፣ መጠጣት ያቃተው፣ እጅግ የደረቀ። ለሌላው ለብዙው ግን በሯ ትበቃለች።

በአገራችን በ2006 እና በ2016 «አተት» እየተባለ የሚጠራው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ከ2022 ጀምሮም ኮሌራ ብዙ ወረዳዎችን አዳርሷል። ከ2003 ጀምሮ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሕይወት አድኑን በየጤና ኬላው ይዘው ይሰጣሉ። ስለዚህ የቀረው የእኛ ፈንታ ነው። ይህን ያህል ብቻ እናስታውስ፦

አንድ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ አይቀነስም፣ አይጨመርም። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ያለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ታግሦ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ጡት አይቋረጥም፤ ምግብም አይከለከልም። ከ2004 ጀምሮ እንደሚመከረው ከጤና ኬላው የሚሰጠው የዚንክ እንክብል ከ10 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል፤ ተቅማጡ ቢያቆምም አይተውም።

ከረጢቱ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ጨዉ ከዚህ እንዳይበልጥ አደራ! የፊሊፒንሱን ነገር አስታውሱ። ለስላሳ መጠጥም ምትክ አይሆንም፤ ስኳሩ ስለሚበዛ ውኃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ከደነዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ ወይም ደም ካስቀመጠው ሳይነጋ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ በመንገድም እያጠጣችሁት። ግግ ማስወጣት ግን ሕፃኑን ማቁሰል እንጂ ተቅማጡን አያቆምም፤ በሯ ያለችው አንጀቱ ውስጥ እንጂ ድዱ ላይ አይደለም።

«የመጣው ከአላህ ነው፤ ምን እናደርጋለን?» የሚሉ ወገኖቻችን አሉ። አዎን፣ በሽታውም ሽፋውም ከአላህ (ሱ.ወ.) ነው። ተወኩል ግን ሰበቡን አድርሶ መመካት ነው እንጂ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። በሯን በአንጀት ውስጥ ያደረገ ጌታ ጨዉንና ስኳሩን በጓዳችን አድርጎልናል፤ ሁለቱን የሚያገናኘውን እውቀትም አስተምሮናል። ከዚህ በላይ ምን ሰበብ እንጠብቃለን?

አባቶች ሆይ፣ ይህ ንግግር ለእናቶች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባንግላዴሽ ውስጥ ሥራው ሥር የሰደደው ወንዶቹ በመስጊድ ከሰሙ በኋላ ነው። እናንተም ከጁሙዓ መልስ ለጎረቤታችሁ ንገሩ። ሁለት ከረጢት ሕይወት አድን ከቤት አይጥፋ። ከሁሉም በላይ፣ እናት ሌሊት ተነሥታ ልትበጠብጥ ስትል «ተይው» የሚል ድምፅ ከቤታችሁ አይሰማ። ይልቅስ ተነሡና ውኃውን አቀብሏት፤ ልጁን ያዙላት።

አያቶቻችን ደግሞ «ሆዱ ይረፍ» ያሉት ካለማወቅ ነው፤ በዓለም የታወቁ ሐኪሞችም እስከ 1960ዎቹ ድረስ እንዲሁ ብለዋልና አይወቀሱም። እኛ ግን ሰምተናል፤ የሰማ ሰው ደግሞ ይጠየቃል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ይማርልን፤ ለማዳን የደከሙትን ሁሉ ድካማቸውን ከንቱ አያድርገው። በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።